ያገለገለ ሳምሰንግ ወይስ አዲስ ስም የለሽ? የላፕቶፕ ራም ከመግዛታችሁ በፊት

ባለፈው ቅዳሜ የጎረቤቴ ልጅ ላፕቶፗን አቅፋ መጣች። የአርክቴክቸር ተማሪ ናት፤ ሬቪት በሚባል የሕንፃ ንድፍ ፕሮግራም ነው የምትሠራው። «ጋሼ፣ ሬቪት ስከፍት ስታክ እያደረገ አስቸገረኝ። ራም ጨምሪበት አሉኝ። አንዱ ሱቅ አዲስ ባለ 8 ጊጋ አለው። ሌላው ያለው ያገለገለ ነው፣ ግን ዋጋቸው ያው ነው። አዲሱን ልግዛ አይደል?»

«አይ፣ ያገለገለውን» ስላት የምቀልድ መሰላት።

አልቀለድኩም። ግን ወደዚያ ከመሄዳችን በፊት ላፕቶፑን ማየት ነበረብን። ራም (ላፕቶፑ የከፈታችሁትን ሥራ ለጊዜው የሚይዝበት ሜሞሪ) ገዝቶ የማይገባለት ሰው ብዙ ነው። ገብቶለት ለውጥ የማያገኘውም እንደዚያው።

ራም ነው ወይስ ዲስክ?

ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ፣ የዘወትር ሥራችሁን ሁሉ ከፍታችሁ፣ ትንሽ ጠብቁ። ሜሞሪው 90 በመቶን አልፎ እዚያው ከተቀመጠ ራም አንሷችኋል። ሜሞሪው ግማሽ ላይ ሆኖ ዲስኩ 100 እየነካ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ራም ላይ አትጣሉት።

ፒችትሪና ኤክሴል ላይ የሚውሉ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ወዳጅ አሉኝ። ላፕቶፓቸው ኤችፒ ኤሊትቡክ 840 ጂ2 ነው። 8 ጊጋ ራም አለው፣ ውስጡ ግን የሚሽከረከር የድሮ ሃርድ ዲስክ ነበር። ጠዋት አብርተውት ቡና ጠጥተው ሲመለሱ ገና እየተከፈተ ያገኙታል። ራሙን ወደ 16 ሊያሳድጉት ቆርጠው ነበር። ፒችትሪ እኮ ያን ያህል ራም የሚበላ ፕሮግራም አይደለም! ለራም ባሰቡት ገንዘብ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ዲስክ) አስገባንበት። አሁን ጀበናው እሳት ላይ ሳይጣድ ላፕቶፑ ዝግጁ ነው።

የልጅቷ ጉዳይ ሌላ ነው። ቲንክፓድ ቲ480 ነው ያላት። ኤስኤስዲ አለው፣ ራሙ 8 ጊጋ ነው። ሬቪትና ክሮም አብረው ሲከፈቱ ሜሞሪው 95 በመቶ ደረሰ። የሬቪት አምራች አውቶዴስክ ራሱ ለቅርብ ዓመታት የሬቪት ስሪቶች ቢያንስ 16 ጊጋ ይጠይቃል። ስለዚህ ለእሷ መፍትሔው ራም ነው።

ቦታ አለው ወይ?

እዚያው የሜሞሪ ገጽ ላይ ወደ ታች «ስሎትስ ዩዝድ» የሚል መስመር አለ። የእሷ 1 ከ2 ይላል፤ አንዱ ቦታ ባዶ ነው ማለት ነው። ከዚያው አጠገብ «ፎርም ፋክተር» የሚለው ፊት ለፊት «ሶዲም» ካለ ራሙ ይወጣል፣ ይገባል። «ሮው ኦፍ ቺፕስ» ካለ ቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ዊንዶውስ እዚህ ላይ አንዳንዴ ስለሚሳሳት የሞዴላችሁንም መረጃ ፈልጋችሁ አመሳክሩ።

አንዲት ፊደል ብዙ ነገር ትቀይራለች። ቲ480 ሁለት የራም ቦታ አለው። ቀጭኑ ወንድሙ ቲ480ኤስ ግን ከፊሉ ራም ተበይዶበት አንድ ቦታ ብቻ ነው የቀረው። ኤክስ1 ካርበን ምንም የለውም። ማክቡክ ኤርም እንደዚሁ። ቀጭን ላፕቶፕ ከወደዳችሁ የምትፈልጉትን ራም ይዞ የመጣውን ከመጀመሪያው ግዙ። በኋላ እጨምርበታለሁ ማለት አይሠራም።

ከዚያ የራሙ ትውልድ ይመጣል፤ ዲዲአር ከሚለው ቀጥሎ ያለው ቁጥር ነው የሚነግራችሁ። 840 ጂ2 ዲዲአር3ኤል ነው የሚወስደው፣ 840 ጂ3 ደግሞ ዲዲአር4። የአንድ ቁጥር ልዩነት ነው፤ የአንዱ ራም ለሌላው አይሆንም። ጥሩነቱ ዲዲአር3፣ ዲዲአር4 እና ዲዲአር5 ከታች ያለው ጎድጓዳ ምልክታቸው ቦታው ስለሚለያይ በስህተት አይገቡም። የእግሮቻቸው (ከታች የተደረደሩት ቢጫ መገናኛዎች) ቁጥርም 204፣ 260 እና 262 ነው። በጉልበት ካልገፋችሁ በቀር የሚበላሽ ነገር የለም።

መጥፎው ዲዲአር3 እና ዲዲአር3ኤል ናቸው። መልካቸው አንድ፣ እግራቸው አንድ፣ ጎድጓዳውም አንድ። የሚለያዩት በኤሌክትሪክ ነው፤ አንዱ 1.5 ቮልት፣ ሌላው 1.35 ቮልት። እኔም ተሸውጄበታለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለእህቴ ላፕቶፕ ራም ፍለጋ ወጣሁ። ሻጩን «ኤል ያለበት ነው?» ስለው «ያው ነው ባክህ፣ ዲዲአር3 ዲዲአር3 ነው» አለኝ። አመንኩት። ቤት ወስጄ ስከትተው መብራቱ በራ፣ ስክሪኑ ግን ጥቁር። በነጋታው ስመለስ በጣቱ ግድግዳውን አሳየኝ፦ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ያ ራም ዛሬ የቁልፍ መያዣዬ ነው። ስቲከሩን አንብቤ ቢሆን ኖሮ አልሸወድም ነበር። ዲዲአር3ኤል ላይ «ፒሲ3ኤል» ይላል፣ በዲዲአር3 ላይ «ፒሲ3» ብቻ።

አሁን ወደ ጥያቄዋ

ያገለገለውን ያልኩት ለምንድን ነው? ራም ውስጥ የሚሽከረከር ነገር የለም፣ በአጠቃቀም የሚያልቅም የለም። ባትሪ ያረጃል። ኤስኤስዲ ስንት ጊዜ እንደሚጻፍበት ገደብ አለው። ያገለገለ ባትሪ በነፃ ቢሰጡኝ አልወስድም፣ ያገለገለ ኤስኤስዲም ሁለቴ አስቤ ነው። ራም ግን አምስት ዓመት ያለችግር ከሠራ፣ ፈተናውን አልፏል ማለት ነው።

ደግሞ ማን ሠራው የሚለው አለ። የዓለምን አብዛኛውን የራም ቺፕ የሚያመርቱት ሦስት ኩባንያዎች ናቸው፦ ሳምሰንግ፣ ኤስኬ ሃይኒክስ እና ማይክሮን። ስሙ የገነነው ኪንግስተን እንኳ ቺፑን ራሱ አያመርትም፤ ገዝቶ ነው የሚገጣጥመው። ኤችፒ፣ ዴልና ሌኖቮ ላፕቶፖቻቸውን ሲሸጡ ውስጣቸው የሚገኘው ራም በብዛት የእነዚያው የሦስቱ ነው። ስክሪኑ የተሰበረ ወይም ቦርዱ የተቃጠለ ላፕቶፕ ጥገና ቤት ሲደርስ ራሙ ይነቀላል። መገናኛም ሆነ መርካቶ «ያገለገለ» ተብሎ የሚሸጥላችሁ በአብዛኛው እሱ ነው።

በሌላ ወገን በሚያብረቀርቅ ፕላስቲክ የታሸገ፣ ስሙን ሰምታችሁት የማታውቁት አዲስ ራም አለ። ሁሉም መጥፎ ነው አልልም። ሳይቸገር ዓመታት የሠራ አይቻለሁ። ችግሩ ውስጡ ምን ቺፕ እንዳለ የምታውቁበት መንገድ ጠባብ መሆኑ ነው። የተበላሸ ራም ደግሞ ሱቅ ውስጥ አይጋለጥም፤ ላፕቶፑ ይነሳል፣ ጊጋው ልክ ነው፣ ከፍላችሁ ትሄዳላችሁ። ሳምንት ቆይቶ፣ ፋይላችሁን ሴቭ ሳታደርጉ፣ ሰማያዊው ስክሪን ይመጣል። ዋጋቸው እኩል ከሆነ እኔ ዓይኔን ሳላሽ ያገለገለውን ሳምሰንግ ወይም ሃይኒክስ እወስዳለሁ።

ስቲከሩን እንዲህ አንብቡት። የልጅቷ ራም ላይ «8ጂቢ 1አርኤክስ8 ፒሲ4-2400ቲ» ይላል። 8 ጊጋ ነው፣ ፒሲ4 ማለት ዲዲአር4 ነው፣ 2400 ፍጥነቱ ነው። መካከል ያለው የቺፖቹን አደራደር ነው የሚናገረው፤ ተመሳሳዩን ካገኛችሁ እሰየው፣ ካጣችሁም አትጨነቁ። ሱቅ ውስጥ ሲፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ኤስፒዲ የሚለው ገጹ የራሙን አምራች ስም ከራሙ ላይ አንብቦ ያወጣል። ስቲከሩ ሳምሰንግ ብሎ ፕሮግራሙ ሌላ ካለ አመስግናችሁ ውጡ።

አዲስ ኪንግስተንስ? ጥሩ ዕቃ ነው፣ ብር ካላችሁ ግዙት። አምራቹ የዕድሜ ልክ ዋስትና ይሰጣል። እዚህ ግን ዋስትናው የሚሠራው ሻጩ እስካከበረው ድረስ ስለሆነ «በዚህን ያህል ቀን ውስጥ ችግር ካለው ይቀየራል» የሚለውን ደረሰኝ ላይ አስጽፉ። ለመሥሪያ ቤት የሚገዛ ሰው ደግሞ ምርጫ የለውም፤ ደረሰኝ ያለው አዲስ ይግዛ። ዲዲአር5 ለሚፈልግም እንዲሁ፤ እሱ ገና በአገልግሎት ላይ ስላለ ተነቅሎ ገበያ የወጣው ጥቂት ነው።

አራተኛው መንገድ ከውጭ ማስመጣት ነው። ራም ከማስቲካ ፓኮ የማይከብድ ስለሆነ ከዋሽንግተንም ከዱባይም የሚመጣ ዘመድ አይቀየማችሁም። ድሮ ይሄን ቀድሜ ነበር የምመክረው። አሁን ቆም ብላችሁ አስሉ። ትልልቆቹ አምራቾች ፊታቸውን ለአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ወደሚውለው ሜሞሪ ስላዞሩ ከ2025 መጨረሻ ጀምሮ በዓለም ላይ የራም ዋጋ ክፉኛ ወጥቷል። ማይክሮን ጭራሽ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2025 ክሩሻል በሚለው ስም ለተራው ተጠቃሚ መሸጡን እንደሚያቆም አስታወቀ። እዚህ ሱቅ ላይ በድሮ ዋጋ ገብቶ የተቀመጠ ዕቃ ከአማዞን ሊረክስ ይችላል። እዚህ ላይ በብር ዋጋ የማልጽፈውም ለዚህ ነው፤ ጽፌው ሳትጨርሱት ይለወጣል። ካስመጣችሁ ለዘመዳችሁ «8 ጊጋ ራም» ብላችሁ አትላኩ። የአሁኑን ራም ስቲከር ፎቶ አንሥታችሁ ላኩለት። ለዴስክቶፕ የሚሆነውን ረጅሙን ገዝቶ የመጣ አጎት አውቃለሁ፤ ማን ደፍሮ ይናገረዋል!

ሁለት 8 ወይስ አንድ 16?

ላፕቶፑ ሁለት ቦታ ካለው ሁለት 8 እመርጣለሁ። ሁለቱ አብረው ሲሠሩ መረጃው የሚያልፍበት መንገድ ሁለት ይሆናል። በ2400 ፍጥነት አንዱ ብቻውን በሰከንድ 19.2 ጊጋባይት ያሳልፋል፣ ሁለቱ 38.4። የተለየ የግራፊክስ ካርድ የሌለው ላፕቶፕ ለስክሪኑም የሚጠቀመው ይሄንኑ ራም ስለሆነ ለሬቪት፣ ለጌምና ለቪዲዮ ኤዲቲንግ ልዩነቱ ይታያል። ለወርድና ለኤክሴል አይታይም።

አንድ 16 የሚያዋጣው ነገ 32 ለማድረስ ላሰበ ነው። ያለውን 8 ሳያወጣ 16 የሚጨምርም አለ። 24 ይሆናል፣ ይሠራል፤ የመጀመሪያው 16 በሁለቱ መንገድ፣ የተረፈው በአንዱ ይሄዳል። 4 እና 8 ማዳበልም ነውር የለውም።

በፍጥነት አትድከሙ። 2400 ከ3200 ጋር ቢገጥም ሁለቱም በዝቅተኛው ይሄዳሉ። ቲ480 ደግሞ ከ2400 በላይ አይሄድም፣ ለ3200 የምትጨምሩት ብር ለእሱ ከንቱ ነው።

ላፕቶፑ የዲዲአር3ኤል ዘመን ከሆነ እጃችሁን ሰብስቡ። የዊንዶውስ 10 ድጋፍ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ በታች ያለውን ፕሮሰሰር ከጥቂቶች በቀር በይፋ አይቀበልም። እዚያ ላይ ያገለገለ 4 ወይም 8 ከመጨመር አልፎ አዲስ ራም መግዛት ለአሮጌ መኪና አራት አዲስ ጎማ እንደመግዛት ነው።

ልጅቷ ያገለገለውን ሃይኒክስ ይዛ ተመለሰች። ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የላፕቶፑ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ገብተን የውስጡን ባትሪ አጠፋን፣ የኋላውን ነቀልን፣ በካቻቢቴ ክዳኑን ፈታን። ራሙን በጠርዙ ይዛ ገደድ አድርጋ ከተተችው። ቢጫዎቹ እግሮች እስኪሰወሩ ገፋ፣ ከዚያ ወደ ታች ጫን። ሁለቱ ክንፎች ቀጭ ብለው ያዙት። ስናበራው ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቀረ። «ጋሼ፣ ገደልነው!» አለች። ራም ሲቀየር ላፕቶፑ መጀመሪያ ላይ አዲሱን ለመለየት ትንሽ ጊዜ ይወስዳል፤ ዲዲአር5 ያለው ደግሞ ደቂቃዎች ሊወስድ ይችላል። ጠበቅን። የሌኖቮ ምልክት ብቅ አለ።

ሌሊቱን ራም የሚፈትሸውን ሜምቴስት86 የተባለ ፕሮግራም ስታስኬድበት አደረች። ጠዋት የስክሪኑን ፎቶ ላከችልኝ፤ ስህተት 0። እኔ ስደውልላት ግን አታነሳም፣ ሬቪት ላይ ነበረች።