ከሐዋሳ ሆኜ የመጠጥ ቤት አሳላፊ ነበርኩ

ቀን ቀን ኔቱ አይሞከርም፣ ሌሊት ግን ይሄዳል። እናም ሁለት ሳምንት ሙሉ ሐዋሳ፣ ታቦር ስር ካለችው ክፍሌ ሆኜ ሴኮንድ ላይፍ ላይ አሳላፊ ነበርኩ። ሊንደን ላብ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2003 የከፈተው፣ በኢንተርኔት የሚገባበት ምናባዊ ዓለም ነው። መግቢያው ነጻ ነው፤ ልብስና ቤት በዓለሙ ገንዘብ፣ በሊንደን ዶላር ይገዛል። እኔ ሳንቲም አላወጣሁም፣ በነጻው ሸሚዝ ሰነበትኩ።

እኔ የገባሁበት ሁሉም የየራሱን ገጸ ባህሪ ሆኖ የሚተውንበት ቦታ ነው፤ ጨዋታው ያለው በምትጽፉት ጽሑፍ ላይ ነው። ስላሽና «ሚ» (/me) መትታችሁ «ብርጭቆውን ይወለውላል» ስትሉ ስማችሁ ከፊቱ ይገባና ድርጊት ይሆናል፤ ከገጸ ባህሪያችሁ ወጥታችሁ «ቆይ ቡና ፈላ፣ መጣሁ» ለማለት ደግሞ በድርብ ቅንፍ ታጥሩታላችሁ። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ባላባት ነኝ ባይ ፊት ስለ መብራት መጥፋት አወራሁ፣ ቤቱ ሁሉ ጭጭ! ቦታዎቹ የየራሳቸው ሕግ አላቸው፣ መጀመሪያ እሱን አንብቡ። የሌላውን ገጸ ባህሪ ሳያስፈቅዱ መግደል ነውር ነው።

አንዴ ኔት ቤትም ሞክሬ ነበር፤ ኮምፒውተሩ የመጠጥ ቤቱን ግድግዳ ስሎ ሳይጨርስ ሰዓቴ አለቀ። ከጓደኛ ጋር በአማርኛ ሲጫወቱት ግን ሳቁ ሌላ ነው። አሁን ጠጅ ቤት ልንከፍት ነው፣ የብርሌ ነገር ብቻ አስቸግሮናል።