ስፓኒሽ በነፃ ለሚያስተምረው ላንጉጅ ትራንስፈር ምስጋና

"ስፓኒሽ መማር ፈልጌ ከየት ልጀምር?" ለምትሉ ሁሉ ጥቆማዬ ላንጉጅ ትራንስፈር ነው። ሚሃሊስ ኤሌፍቴሪዩ የጀመረው፣ በድምፅ ብቻ የሚሰጥ ትምህርት ነው። የስፓኒሹ 90 ክፍል ሲሆን በድምሩ 15 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ክፍያ አይጠየቅበትም፤ ወጪው የሚሸፈነው ሰዎች በፈቃዳቸው በሚያዋጡት ገንዘብ ነው። በዩቲዩብም በስልክ መተግበሪያም ይገኛል። ይህን ያህል ደክሞ በነፃ ለለቀቀልን ሰው፣ እጁ ይባረክ!

አስተማሪው አንድ ተማሪ ሲያስተምር ትሰማላችሁ። ጥያቄ ሲጠይቅ ወዲያው አቁሙት፤ መልሱን አስባችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ፤ ከዚያ አስቀጥሉ። የትምህርቱ ቁልፍ ይህች ማቆም ናት። ወጥ እየሠሩ እንደ ሬዲዮ የሚያዳምጡት ሰዎች 90ውንም ጨርሰው አንድ ዓረፍተ ነገር መመሥረት ያቅታቸዋል። ደብተር አያስፈልግም፤ አስተማሪው ራሱ አትጻፉ፣ አትሸምድዱ ይላል። በቀን ሁለት ክፍል በቂ ነው።

ማብራሪያው በእንግሊዝኛ ስለሆነ መካከለኛ እንግሊዝኛ ይጠይቃል። አካሄዱም ከእንግሊዝኛ ይነሳል። "ፕሪፓሬሽን" በስፓኒሽ "ፕሬፓራሲዮን" ነው፤ "ሲዮን"ን ቆርጣችሁ "ር" ስትተኩ "ፕሬፓራር" (ማዘጋጀት)፣ ከዚያ "ፕሬፓሮ" (አዘጋጃለሁ) ይወጣል። በአንዲት ቃል በር በመቶ የሚቆጠሩ ቃላት ይገባሉ። ሁሌ ግን አይሠራም፤ "አትራክሲዮን" (መስህብ) ግሱ "አትራኤር" (መሳብ) ነው። በ"ሲዮን" የሚያልቁት ከሞላ ጎደል ሁሉም ግን አንስታይ ጾታ መሆናቸውን ያዙ።

የአማርኛ ተናጋሪ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪውን የሚያንገላታው "ሜ ጉስታ" ለእኛ "ደስ ይለኛል" ማለት ነው፤ ባለቤቱ እኔ ሳልሆን ነገሩ ነው። "ሜ ዱዌሌ ላ ካቤሳ"ም "ራሴን ያመኛል" ነው። በእንግሊዝኛ አስባችሁ "ዮ ጉስቶ" ካላችሁ ተሳሳታችሁ። ደስ የሚሏችሁ ነገሮች ብዙ ሲሆኑ ደግሞ "ሜ ጉስታን" ይሆናል፤ ይቺ ብዙ ሰው ትጥላለች። "ኡስቴድ" እንደ እርስዎ ነው፣ ግሱም ወደ ሦስተኛ መደብ ይሄዳል። "ግን" እና "ውሻ" ሁለቱም በፊደላችን "ፔሮ" ተብለው ይጻፋሉ፤ የውሻው ግን "ሕዝቡን መራ" ስንል እንዳለው "ራ" ጠብቆ ይነገራል። ማጥበቅና ማላላት ለምዶ ያደገ ጆሮ ይህን ለመለየት አይቸገርም።

ጉድለቱንም ልናገር። ሰዋስው ያስጨብጣል እንጂ ብዙ ቃል አይሰጥም፤ በፍጥነት የሚነገረውን ለመስማትም አያበቃም። ለቃሉ በ1713 የተመሠረተው የስፔን ንጉሣዊ አካዳሚ መዝገበ ቃላት በድረ ገጹ በነፃ አለ፤ ግሱን ስትፈልጉ እርባታውን ሙሉ ያመጣል። የስፔኑን "ቮሶትሮስ" (እናንተ) ለጊዜው ብትተዉት ምንም አይጎድልባችሁም፤ ላቲን አሜሪካ "ኡስቴዴስ" ነው የሚለው። ቋንቋውን ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው በቤቱ በሚናገርባት አሜሪካ የምትኖሩማ ጎረቤታችሁ የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ለጆሮ ልምምድ ሩቅ አትሂዱ። በደርግ ዘመን ኩባ፣ የወጣቶች ደሴት ላይ በስፓኒሽ ተምረው ያደጉ ኢትዮጵያውያን በየከተማው አሉ። ከዘመድ ወዳጅ አንድ ካገኛችሁ ቡና ጋብዙና አስወሯቸው። ብቻ አትደንግጡ፣ የኩባ አነጋገር በቃል መጨረሻና ከሌላ ተነባቢ ፊት ያለችውን "ስ" ይውጣታል፤ "ኮሞ ኤስታስ" (እንዴት ነህ) ብላችሁ የተማራችሁት "ኮሞ ኤህታህ" ሆኖ ይመጣል።