ሥጋውን በአጥንቱ፦ አንድ የምግብ ቤት መረጃ ሥርዓት ከአሥር ወር በኋላ

እኔና የእኅቴ ባል በሽርክና የምናሠራቸው ሦስት ፈጣን ምግብ ቤቶች አሉን፤ አንዱ ደሴ ፒያሳ፣ አንዱ ኮምቦልቻ፣ አንዱ ሐይቅ። በርገር፣ ፒዛ፣ ሳንድዊችና ድንች ጥብስ እንሸጣለን፤ ሐይቅ ላይ ደግሞ የዓሣ ጥብስ አለ። በጥቅምት 2017 ሦስቱን በአንድ የኮምፒውተር ሥርዓት አገናኘን። አሁን ሐምሌ ነው፤ አሥረኛ ወሩን ይዟል። የሠራውን ድርጅት ስም አልጠቅስም፤ ከማማርረው ነገር ግማሹ የራሴ ጥፋት ስለሆነ ስማቸውን ማንሳት ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ከዚያ በፊት የነበረን ሦስት ደብተር ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ የሐረጎን ጠመዝማዛ ወርጄ የኮምቦልቻን ደብተር አያለሁ፤ እሑድ ሐይቅ ሄጄ ያንኛውን አያለሁ፤ ሰኞ ቁጭ ብዬ ስደምር የሦስቱ ድምር ኪሴ ካለው ገንዘብ ጋር ተገናኝቶ አያውቅም። አሁን አስተናጋጁ ትእዛዙን በታብሌት ይመዘግባል፤ ቦኖው ወጥ ቤት ካለው ፕሪንተር ይወጣል፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ሂሳቡን ስትዘጋ ከዕቃ ቤቱ መዝገብ ላይ 120 ግራም ሥጋ፣ አንድ ዳቦና አንድ ቁራጭ አይብ በራሱ ይቀነሳል። ማታ ዕቃ ቤቱ ይቆጠራል። መቅረት የነበረበትና በእጅ የተገኘው ይነጻጸራሉ፤ ልዩነት ካለ በቀይ ይወጣል። ትምህርት ቤት የሥራ አመራር መረጃ ሥርዓት እያሉ የሚያስተምሩት ይኸው ነው፤ በየቆጣሪው ላይ የሚንጠባጠበውን ሰብስቦ፣ ለሚወስነው ሰው በሚገባው መልክ ማቅረብ።

ጥሩውን አስቀድሜ ልናገር። የተሰረዘ ሂሳብ ዝርዝሩ ብቻውን ዋጋውን መልሷል። ቀድሞ አንድ ቦኖ ተቀዶ ቢጣል ማን ያውቃል? አሁን ማን፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ምክንያት እንደሰረዘ ይታያል። በጥሬ ገንዘብ የተከፈለውን፣ በቴሌብር የገባውንና በባንክ የተላለፈውን ለይቶ ስለሚያሳይ፣ ማታ ሂሳብ መዝጋት ከአንድ ሰዓት ተኩል ወደ ሃያ ደቂቃ ወርዷል። ለሦስቱ ቅርንጫፍ በዓመት የምከፍለውም የአንዲት ገንዘብ ተቀባይ የሦስት ወር ደመወዝ ያህል ነው፤ አይበዛብኝም።

መብራት ሲጠፋ ታብሌቶቹ በባትሪ ይሠራሉ፤ የኢንተርኔት መስመር ሲቋረጥም ሽያጩን እዚያው ይዘው ይቆዩና መስመር ሲመለስ ወደ ዋናው መዝገብ ይልካሉ። የገዛሁት ለዚህ ነው፤ በአብዛኛው ቃሉን ጠብቋል። አንድ ጊዜ ግን፣ በኅዳር መጨረሻ፣ ኮምቦልቻ መስመር ሁለት ጊዜ ተቆራርጦ ሲመለስ የቀኑን ሽያጭ ሁለቴ ላከው። እኔ ደሴ ሆኜ ቁጥሩን አይቼ ለቅርንጫፍ ኃላፊዋ ደውዬ አመሰገንኳት። እሷም አመስግና ተቀበለች። ሁለታችንም ያፈርነው በማግስቱ ነው። ስህተቱን ድርጅቱ በሁለት ሳምንት አስተካክሏል፤ ከዚያ ወዲህ አልተደገመም። ያልተስተካከለው የአስተናጋጆቹ አመል ነው፤ ባንክ ቤት የለመዱትን «ሲስተም የለም» የሚባል ነገር አመጡብኝ። ደንበኛ በርገር ሲጠይቅ «ሲስተም የለም» ይባላል እንዴ? እርሳስና ወረቀት አለ!

የቀን አቆጣጠሩ እስካሁን ያናድደኛል። ሪፖርቱ የሚዘጋው በፈረንጆቹ ወር ነው። የተጨማሪ እሴት ታክስ የምናሳውቀው፣ ደመወዝ የምንከፍለው፣ የቤት ኪራይ የምንቆጥረው ግን በራሳችን ወር ነው። ስለዚህ ሒሳብ ሠራተኛዬ በየወሩ መነሻና መድረሻ ቀኑን በእጁ እያስገባ ያወጣዋል። ሰዓቱም እንዲሁ፤ ማታ 12 ሰዓትን 18 ሰዓት ይላል። ወጣቶቹ ለመዱት፤ የዕቃ ቤት ኃላፊው ግን እስከዛሬ ስድስት እየቀነሱ ነው የሚያነቡት። ደግሞም ከካሽ ሬጅስተር ማሽኑ ጋር አይነጋገርም። ገንዘብ ተቀባይዋ አንዱን ሽያጭ ሁለት ቦታ ትመታለች፤ ሰው በበዛበት ሰዓት ይህ ቀልድ አይደለም።

ወሎን የማያውቅ ሰው የሠራው መሆኑን ያየሁት ግን በሥጋው ነው። ኮምቦልቻ የምንሠራው በሙስሊም ሥጋ ነው፤ ደሴ በክርስቲያን። በአንድ ቤት ሁለቱም ሃይማኖት ባለበት አገር፣ ሰርግ ላይ እንኳ ሁለት ድስት መጣድ ለእኛ የዕለት ኑሮ ነው። መዝገቡ ውስጥ ግን የተመዘገበው «የበሬ ሥጋ» ተብሎ በአንድ መለያ ቁጥር ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ስክሪኑ ላይ ምክር መጣ፦ «ደሴ ላይ 9 ኪሎ ትርፍ አለ፤ ወደ ኮምቦልቻ ይዛወር?» ቁልፉን አንድ የቸኮለ ልጅ ቢጫነው ኖሮ የስንት ዓመት እምነት በአንድ ከሰዓት ይሄድ ነበር። ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች አድርገን ከፈልናቸው፤ ማዛወሪያውንም አዘጋነው። ሥርዓቱን የሠሩት አዲስ አበባ ያሉት ልጆች ነገሩን ስነግራቸው ወዲያው ገባቸው፤ አስቀድሞ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ እኔም አልነገርኳቸውም።

ከዚያ ጾሙ መጣ። በ2017 ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን የካቲት 22 ተከተለ። ሥርዓቱ የግዢ ምክር የሚሰጠው ያለፉትን አራት ሳምንታት አማካይ ይዞ ስለሆነ፣ የየካቲት 17 ሳምንት ለደሴ እንደወትሮው ሥጋ እዘዙ አለ። ደሴ ላይ እንኳን ሥጋ አይብም የሚጠይቅ ጠፍቶ ነበር። ኮምቦልቻ ላይ ቀኑን ሙሉ ወንበሩ ባዶ ይሆንና ማታ ማፍጠሪያ ላይ በአንድ ሰዓት ውስጥ የቀኑ ሽያጭ ግማሽ ይገባል። እዚህ ላይ አመሰግነዋለሁ፤ ምክሩ ከንቱ ቢሆንም በየሰዓቱ የሚያሳየው የሽያጭ ሥዕል እውነተኛ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት የጠዋት ፈረቃውን ወደ ማታ አዛወርን፤ ሳምቡሳውንና ጭማቂውን ከ11 ሰዓት በፊት አዘጋጅተን መጠበቅ ጀመርን። ደሴ ላይ የጾም በርገሩና ድንቹ ቀድሞ ከማስበው በላይ እንደሚሸጥ ያወቅኩትም ከዚያው ሥዕል ነው። የበዓልና የጾም ቀን መመዝገቢያ ቦታ አለው፤ ግን በየዓመቱ የሚዘዋወሩትን በእጅ ማስገባት ያስፈልጋል። ለሚቀጥለው ዓመት ከአሁኑ አስገብቻለሁ። ሐይቅ ያለው ዓሣ «የጾም» ተብሎ ይመዝገብ ወይስ «የፍስክ» የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ትቼ ሦስተኛ ክፍል ከፍቼለታለሁ።

የፒዛ ሊጡም አንድ የአሠራር ካርድ፣ ማለትም ለአንድ ምግብ ምን ምን በስንት መጠን እንደሚገባ ሥርዓቱ ውስጥ የሚመዘገብበት ገጽ፣ አልበቃውም። ኮምቦልቻ ከደሴ ወደ 600 ሜትር ገደማ ዝቅ ያለና ሞቃት ነው፤ ደሴ ላይ በብርድ ቀስ ብሎ የሚነሳው ሊጥ እዚያ ገንፍሎ ይጠብቃል። ሁለት ካርድ፣ ሁለት የእርሾ መጠን።

አሁን ደግሞ ለዕቃ ቤት ኃላፊው ልሰጥ ስለነበረው ደብዳቤ ልናገር። ከታኅሣሥ አጋማሽ ጀምሮ የደሴ ዕቃ ቤት በየሳምንቱ በቀይ ይወጣ ጀመር፦ ሥጋ፣ ጉድለት 5 ኪሎ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አምስት ሳምንት። በሳምንት የምንገዛው 60 ኪሎ ነው። የዕቃ ቤት ኃላፊው ከተከፈትንበት ቀን ጀምረው አብረውን ያሉ ትልቅ ሰው ናቸው። ቀዩ ቁጥር ግን እንደ ምስክር ነው፤ ሰው ያምነዋል። ኮምፒውተር አድልዎ የለውም ብዬ ራሴን አሳምኜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አስጽፌ አሳተምኩ። ፈርሜ መሳቢያ ውስጥ አስቀመጥኩት። ከመስጠቴ በፊት እስኪ ልጠይቃቸው ብዬ ጠራኋቸው፤ ወረቀቱንም አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡና «ልጄ፣ ሥጋውን በአጥንቱ ገዝተሽ ያለ አጥንቱ ትቆጥሪኛለሽ?» አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሥጋውን አጥንት የሌለው ብቻ እንገዛ ነበር፤ ካርዱም የተሠራው በዚያ ነው፤ የገባው ኪሎ ሁሉ በርገር ይሆናል። በታኅሣሥ ዋጋ ሲጨምር ከ60ው 20ውን ኪሎ ከነአጥንቱ እንድንገዛ የወሰንኩት እኔ ነኝ። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አብረን መዘንን፦ 20 ኪሎ ገባ፤ አጥንቱና ጅማቱ ሲወጣ 15 ኪሎ ቀረ። አምስቷ ኪሎ ያቺው ናት። ግዢውን ስለውጥ የለወጥኩትን ለመዝገቡ አልነገርኩትም፤ እሱ በነገርኩት ልክ በታማኝነት ሲከሳቸው ነበር። ደብዳቤውን እሳቸው ፊት ቀደድኩት። ይቅርታም ጠየቅኩ፤ «ይሁን» አሉ፤ ለሦስት ቀን ግን ቡና አብረውኝ አልጠጡም።

ከዚያ ወዲህ ያለኝ አሠራር ይህ ነው፦ አንድ ዕቃ ሦስት ሳምንት ተከታታይ በተመሳሳይ መጠን ከጎደለ መጀመሪያ የምናየው ካርዱን ነው። ስርቆት እንደዚያ እኩል እኩል አይሄድም፤ አንድ ሳምንት ይበዛል፣ አንድ ሳምንት ይጠፋል። በግንቦት የድንች መጥበሻ ዘይት ላይ በትክክል እንደዚያ የሚዘል ቁጥር አገኘን፤ እሱም የራሱ ታሪክ ስላለው እዚህ አላወራውም።

ውሉ በጥቅምት ያልቃል፤ አድሳለሁ። የኢትዮጵያ አቆጣጠርና ከካሽ ሬጅስተሩ ጋር መገናኘት እንዲጨመር በጽሑፍ ጠይቄያለሁ፤ የመጀመሪያውን «በቅርቡ» ብለዋል፤ ሁለተኛውን ዝም። ሌላ ሰው ቢገዛው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን የዕቃ ቤት ሰውን አጠገቡ አስቀምጦ ካርዶቹን አብረው ይሙሉ፤ ሻጮቹ የሚያሠለጥኑት ገንዘብ ተቀባይዋን ብቻ ነው።

የዕቃ ቤት ኃላፊያችን አሁንም የራሳቸው ደብተር አላቸው፤ ማታ ማታ ከታብሌቱ ጋር ያስተያያሉ። አጥንቱም መለያ ቁጥር ወጥቶለታል፤ ሐሳቡ የእሳቸው ነው። ጠዋት ጠዋት ለሾርባ ይወጣል፤ ባለፈው ወር የሽያጭ ሪፖርት ላይ ሾርባው ከድንች ጥብስ ቀጥሎ ሦስተኛ ሆኖ ነበር።