የባር ፈተና ፓኬጅ «ካላለፋችሁ ገንዘባችሁ ይመለሳል» ብሎ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን አንብቡ

አገር ቤት ሕግ ተምራችሁ አሜሪካ ለምትኖሩ ነው የምጽፈው። በቴሌግራም የሚሸጥ አንድ የባር ፈተና (የጥብቅና ፈቃድ ለማግኘት የሚወሰደው ፈተና) ዝግጅት ፓኬጅ አለ። እባካችሁ ለመክፈል አትቸኩሉ። የከፈሉ ልጆች ውላቸውን አሳይተውኝ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ በጣም ነው የተናደድኩት።

ሻጩ «ኤልኤልቢ (የመጀመሪያው የሕግ ዲግሪ) ካላችሁ በቂ ነው፣ ኤልኤልኤም (የሕግ ማስተርስ) አያስፈልግም፣ ካላለፋችሁ ሙሉ ገንዘባችሁ ይመለሳል» ይላል። ውሉ ላይ ግን ገንዘብ የሚመለሰው ተፈትኖ ለወደቀ ሰው ብቻ ነው። መጀመሪያውኑ ለመፈተን ካልተፈቀደላችሁስ? አልተፈተናችሁም፣ ስለዚህ አልወደቃችሁም፣ ስለዚህ አምስት ሳንቲም አይመለስላችሁም። ኒው ዮርክ ላይ ደግሞ አብዛኞቻችን በኤልኤልቢ ብቻ መፈተን አይፈቀድልንም። ሻጩ ይህን አያውቅም ብዬ ማመን ይከብደኛል።

ኒው ዮርክ ውጭ አገር የተማረን ሰው ስትመዝን የትምህርቱን ዓመት ብቻ አይደለም የምታየው፤ የተማረበት አገር የእንግሊዝን ኮመን ሎው (በፍርድ ቤት ውሳኔዎች ላይ የተመሠረተውን የሕግ ሥርዓት) ይከተላል ወይ የሚለውንም ታያለች። የኛ ሕግ በኮድ የተደራጀ ነው። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ መሆናቸውን ሕግ የተማረ ሁሉ ያውቀዋል። ስለዚህ የአሜሪካ ጠበቆች ማኅበር እውቅና ከሰጠው ትምህርት ቤት ቢያንስ 24 ክሬዲት ያለው ኤልኤልኤም ያስፈልጋል። ማንኛውም ኤልኤልኤም ደግሞ አይሆንም፤ ለሙያ ሥነ ምግባር 2 ክሬዲት፣ ፈተናው ላይ ለሚመጡ የትምህርት ዓይነቶች 6 ክሬዲት እያለ ደንቡ ራሱ ይዘረዝራል።

ሻጩን ስትጠይቁት ካሊፎርኒያን ይጠቅስላችኋል። እውነት ነው፣ ካሊፎርኒያ በአገሩ የጥብቅና ፈቃድ ያለውን ሰው ያለ ኤልኤልኤም ታስፈትናለች። ፈቃድ ያለው ነው የተባለው ግን፣ ዲግሪ ያለው አይደለም። ዓመታት በዳኝነት ወይም በዐቃቤ ሕግነት ሠርቶ የጥብቅና ፈቃድ ያላወጣ ስንት ሰው አለ! ደግሞም የካሊፎርኒያ ፈተና የብቻዋ ነው፤ ማለፊያው ከ2000 ነጥብ 1390 ሲሆን ውጤቱን ይዛችሁ ወደ ሌላ ስቴት መሄድ አትችሉም። ኒው ዮርክና ዲሲ ዩቢኢ የሚባለውን፣ ብዙ ስቴቶች የሚጋሩትን ፈተና ነው ሲሰጡ የቆዩት፣ የሁለቱም ማለፊያ ከ400 ነጥብ 266 ነው። ፓኬጁ ግን ለሁሉም አንድ ነው።

ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢው ያላችሁ በተለይ ልብ በሉ፦ ከጁላይ 2026 ጀምሮ የሜሪላንድ ፈተና ኔክስትጄን የሚባለው አዲሱ ነው። የሚሸጥላችሁ ማቴሪያል ለአሮጌው የተዘጋጀ ነው። «የትም የማታገኙት» የተባለው የድሮ የኒው ዮርክ የጽሑፍ ጥያቄ ስብስብ ደግሞ የስቴቱ የፈተና ቦርድ ከናሙና መልስ ጋር ድረ ገጹ ላይ በነጻ የሚለጥፈው ነው።

መጀመሪያ ትፈተኑ እንደሆነ ከቦርዱ በጽሑፍ አረጋግጡ። ኒው ዮርክ ለዚህ የራሷ የግምገማ ማመልከቻ አላት። ወራት ይፈጃል፤ ትራንስክሪፕቱንም ዩኒቨርሲቲው ራሱ በቀጥታ መላክ አለበት፣ እናንተ ይዛችሁ አትሄዱም። የሬጅስትራርን ነገር ስለምታውቁ አገር ቤት የሚከታተልላችሁ ሰው ከአሁኑ አዘጋጁ። ፎርሙን «እኛ እንሞላላችኋለን» ካሏችሁ እሺ አትበሉ፤ ፈተናውን ያለፈ ሰው እንኳ ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት ጸባዩና ታማኝነቱ ይመረመራል፣ ማመልከቻው ላይ ውሸት ከተገኘ ጣጣው የናንተ ነው።

የቦርዱ መልስ እጃችሁ ሲገባ ብቻ ለዝግጅት ክፈሉ። ያኔም ቢሆን ዋስትናው ገንዘብ መመለስ ነው ወይስ ኮርሱን በነጻ መድገም፣ ከትምህርቱ ስንት በመቶ መጨረስ ይጠበቅብኛል ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ።

ለከፈላችሁ፦ በክሬዲት ካርድ ከሆነ ክፍያው የታየበት ቢል ከተላከላችሁ በ60 ቀን ውስጥ ለካርድ ድርጅቱ በጽሑፍ ተቃውሞ አቅርቡ፤ የሻጩን ማስታወቂያና ውሉን አያይዙ። በዜል ለላከ ሰው ገንዘቡን ማስመለስ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ለስቴታችሁ አቶርኒ ጄኔራል የሸማቾች ክፍል አቤቱታ አስገቡ። የቴሌግራም መልእክቶቹን ሳይጠፉ ዛሬውኑ ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጧቸው።