የጎማ ቲ፣ ጎሚስታ እና የደብረ ብርሃን ውርጭ

የጎልፍ መለማመጃ ምንጣፍ ልትገዙ ካሰባችሁ ሣሩን እየዳበሳችሁ ጊዜ አታጥፉ። ገልብጡትና ጀርባውን እዩ። ቲው የሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ጣታችሁን ክተቱ። ጣታችሁ እንደ ልቡ የሚዞርበት ከሆነ እዚያው ተዉት፤ ወይም እንደኔ ጎሚስታ ጋ ለመሄድ ተዘጋጁ።

ጎልፍ ለማታውቁ ባጭሩ ላስረዳ። ቲ ኳሷን ከመሬት ከፍ አድርጎ የሚይዝ ትንሽ መቆሚያ ነው። ሜዳ ላይ ቀላል ነው፤ የእንጨቱን ቲ አፈር ውስጥ ትሰኩታላችሁ፣ ትመታላችሁ፣ አለቀ። ምንጣፍ ላይ ግን እንጨት አይሰካም። ሣሩ ናይለን ነው፣ ከሥሩ ያለው ጎማ ወይም ስፖንጅ ነው። እንጨት የሚቀበሉ፣ ሣራቸው ወፍራም የሆነ ውድ ምንጣፎች አሉ፤ የኔ ከነሱ ወገን አይደለም። ስለዚህ ምንጣፉ ተበስቶ ይመጣና በቀዳዳው ከሥር ወደ ላይ የጎማ ቲ ይገባል። ቲው ከላይ ቱቦ ነው፣ ከታች ክብ እግር አለው። እግሩ በምንጣፉና በወለሉ መሀል ተጨፍልቆ ይያዛል። ቢያንስ ሐሳቡ እንደዚያ ነበር።

ጨዋታውን የለመድኩት አዲስ አበባ ስሠራ ነው። አለቃዬ ተጫዋች ነበሩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ «ነይ እስቲ ሞክሪው» እያሉ አስጀመሩኝ። በኋላ እናቴን ለመጦር ወደ ደብረ ብርሃን ተመለስኩ። ከዚህ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፤ ኳስ ለመምታት ብቻ የሚመላለሱበት መንገድ አይደለም። ስለዚህ ግቢያችን ውስጥ ምንጣፍ ዘረጋሁ፣ ከበጎቹ በረት አጠገብ መረብ ሰቀልኩ፣ ከመረቡ ኋላ ያረጁ ብርድ ልብሶች አንጠለጠልኩ። የከተማችን ፋብሪካ ሥራ ናቸው። ኳሱን ዋጥ ያደርጉታል፤ ለዚህ ሥራ ከነሱ የተሻለ ነገር አላየሁም። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ኳስ ከቆላው ይልቅ ይርቃል። የኔ ኳስ ግን የትም ቢነሳ የሚያርፈው ብርድ ልብስ ላይ ነው።

ጎረቤታችን ጋሼ መጀመሪያ ዱላውን ይዤ ሲያዩኝ «ገና ደረሰ እንዴ?» አሉ። ኳሷን አንስተው አገላበጧትና «ሩሯ ግን በጣም አንሳለች» ብለው ሳቁ። አሁን ለምደውኛል፤ ሲያልፉ ቆም ብለው ያያሉ፣ አንዳንዴም አስተያየት ይሰጣሉ።

ወደ ዕቃው ልመለስ። ምንጣፉን የገዛሁት አዲስ አበባ ካለ አንድ የስፖርት ዕቃ መደብር ነው። ከሱ ጋር አጭር፣ መካከለኛና ረጅም የጎማ ቲ መጣ። ማሸጊያው ላይ ቁመታቸው ተጽፏል። ያ ቁጥር ግን ከእግራቸው ጀምሮ የተለካ ነው። 70 ሚሊሜትር የሚለው ቲ 20 ሚሊሜትር ውፍረት ባለው ምንጣፍ ውስጥ ሲገባ ከሣሩ በላይ የሚታየው ከ50 አያልፍም። ድራይቨር በሚባለው ትልቁ ዱላ ለመምታት ደግሞ ዱላው ከኳሷ ኋላ መሬት ላይ ሲቀመጥ ግማሽ ኳስ ያህል ከጭንቅላቱ በላይ መታየት አለበት። ኳስ በደንቡ ከ42.67 ሚሊሜትር ያነሰ ስፋት ሊኖራት አይችልም፤ ስለዚህ ግማሹ ወደ 21 ሚሊሜትር ይጠጋል። መካከለኛው ቲ ለዚህ አይበቃም። ረጅሙን ግዙ። ሲገዙ ማሸጊያው ላይ ከተጻፈው ቁመት የምንጣፉን ውፍረት መቀነስ ነው።

ቁመቱ ግን ቀላሉ ጉዳይ ነው። ዋናው ችግር መብረሩ ነው። ድራይቨር ስመታ ቲው ከቀዳዳው ተነቅሎ ኳሷን ተከትሎ ይሄዳል። እናቴ ደጅ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል አንዱ እግሯ ሥር ወደቀ። «አንቺ ልጅ፣ ኳሷ ሁለት ሆነች እንዴ?» አለች። ለሻጩ ደወልኩለት። «እህት፣ ቀስ ብለሽ ምቺዋ» አለኝ። ይህን ምክር ለድራይቨር መስጠት ድፍረት ይጠይቃል።

ለምን እንደሚበር ቁጭ ብዬ አየሁት። አንደኛ፣ የቲው እግር ጠባብ ነው፣ ቀዳዳው ደግሞ ሰፊ። ዱላው ቱቦውን ሲመታው ቱቦው ወደፊት ይጎነበሳል፣ እግሩ በአንድ ጎን ይነሳል፣ ጠርዙ በቀዳዳው ይሾልካል። አንዴ ከሾለከ በኋላ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል፤ የሚቀጥለው መብረር ይቀለዋል። ሁለተኛው ግቢያችን ነው። ጠፍጣፋ ድንጋይ የተነጠፈበት ነው፤ ለዓይን ደልዳላ ይመስላል እንጂ በድንጋዮቹ መሀል ክፍተት አለ። የቲው እግር ክፍተት ላይ ሲውል ከሥሩ የሚደግፈው የለም። ምንጣፉ የቱንም ያህል ቢከብድ እግሩን ሊጫነው አይችልም።

ሦስተኛው ብርዱ ነው፤ ይሄን የአዲስ አበባ ሻጭ አይነግራችሁም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል ከ2,800 ሜትር በላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። ጎማ ሲበርደው ይደርቃል፤ መጎንበሱ ቀርቶ እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ያኔ የዱላው ኃይል ሁሉ እግሩ ላይ ያርፋል። ወይ ይነቀላል ወይ ቱቦውና እግሩ የሚገናኙበት አንገቱ ላይ ይሰነጠቃል። ጎማ መስለው የሚሸጡት የፕላስቲክ ቲዎች ደግሞ ይብሳሉ፤ አንዱ በመጀመሪያው ምት አንገቱ ተቀነጠሰ። እኔ ጠዋት ከመውጣቴ በፊት ሻይ እስኪፈላ ድረስ ቲውን ጋቢዬ ውስጥ አቆየዋለሁ። ሞኝነት ሊመስል ይችላል፤ ይሠራል። ሸዋ ሮቢት ያላችሁ ይሄ አይመለከታችሁም። የናንተ ጣጣ ፀሐዩ ነው፤ ደጅ የከረመ ጎማ ይሰነጣጠቃል፣ ስትጨርሱ ወደ ጥላ አስገቡት።

ሌሎች አማራጮችም ሞክሬያለሁ። አንዱ የብሩሽ ቲ ነው። ኳሷ ቀጥ ባለ የናይለን ፀጉር ላይ ትቀመጣለች። አመታቱ ለስላሳ ነው፣ ወድጄው ነበር። ግን ከሥሩ ያለው ለአፈር የተሠራ ሹል ነገር ነው፤ ምንጣፍ ላይ ምንም አይይዝም። ሌላው ሁለት የፕላስቲክ ቲዎች በክር ተሳስረው የሚሸጡት ነው። አንደኛው ኳስ ይይዛል፣ ሌላው ከኋላ ተጋድሞ እንደ መልሕቅ ይጎትታል። እነዚህ ቀዳዳ አያስፈልጋቸውም፣ ምንጣፉ ላይ ዝም ብለው ይቀመጣሉ። መብረሩን አያቆሙም፤ ርቀው እንዳይሄዱ ያደርጋሉ እንጂ። ከእያንዳንዱ ምት በኋላ ጎንበስ ብሎ ክር መፍታት አለ። ነፋስ ሲኖር ደግሞ ኳሷ አትቆምላችሁም፤ እኛ ዘንድ ነፋስ የማይኖርበት ከሰዓት በኋላ ብርቅ ነው። ቤት ውስጥ ለሚለማመድ፣ ሳሎን ውስጥ ለሚመታ ይበቃል። ለኔ አልሆነም።

በነገራችን ላይ የእንጨቱን ቲ ለዓለም ያበረከቱት የጥርስ ሐኪሞች መሆናቸውን ስሰማ ሳቄ መጣ። በፊት ተጫዋቾች እርጥብ አሸዋ በእጃቸው ቆንጥረው፣ ትንሽ ቁልል ሠርተው ኳሷን እሷ ላይ ነበር የሚያስቀምጡት። በ1899 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ግራንት የሚባል የቦስተን ጥቁር አሜሪካዊ የጥርስ ሐኪም ለእንጨት ቲ የፈጠራ መብት አወጣ። ሊሸጠው አልሞከረም። በ1920ዎቹ ዊልያም ሎውል የሚባል ሌላ የጥርስ ሐኪም መጥቶ ቲን ገበያ አወጣው። ሥራቸው ጥርስ ከድዱ እንዳይነቃነቅ ማድረግ አይደል? ምንጣፉ ሲመጣ የሦስተኛ ጥርስ ሐኪም ተራ ነበር፤ እሱ ግን አልመጣም።

በሐኪሙ ምትክ እኔ ያገኘሁት ጎሚስታ ነው። የመኪና ጎማ ለማስለጠፍ ሄጄ ቲውን ከቦርሳዬ አወጣሁና አሳየሁት። ልጁ አገላብጦ አየው። «እህቴ፣ ይሄ የምንድን ነው?» አለኝ። የኳስ ማስቀመጫ መሆኑን፣ እየተነቀለ እንዳስቸገረኝ ነገርኩት። ትንሽ አሰበና «ይሄማ የበደለው እግሩ ነው፤ ሰፊ እግር እንስጠው» አለ። ምንጣፉን ጭራሽ ሳያይ!

ከአንድ አሮጌ የአይሱዙ ከመነዳሪ የስኒ ማስቀመጫ የሚያክል ክብ ቆረጠ። መሀሉን ከቲው ቱቦ ትንሽ ጠበብ አድርጎ በሳው፤ ይህ ጠበብ ማለቱ ወሳኝ ነው፣ ራሱ ጎማው ቱቦውን አንቆ ይይዘዋል። ክቡን ከላይ በቱቦው አስገብቶ እግሩ ድረስ አወረደው። ከዚያ የሚጣበቁትን ሁለቱን ፊቶች በሞረድ ሸካራ አደረገ፣ የመለጠፊያውን ማስቲሽ ቀባ፣ ትንሽ እስኪደርቅ ጠበቀ፣ ተጭኖ አጣበቀው። ከመነዳሪ እንደሚለጥፈው ማለት ነው፤ ሌላ ጥበብ አልተጨመረበትም። የጠየቀኝ ገንዘብ ሁለት ማኪያቶ አይገዛም። የፕላስቲኩንም ሞክሮልኝ ነበር፤ እሱ ላይ ማስቲሹ አልያዘም፣ ከተወሰኑ ምቶች በኋላ ተላቀቀ። ስለዚህ የምትገዙት ቲ እውነተኛ ጎማ መሆኑን አረጋግጡ።

ቤት ስደርስ ከምንጣፉ ሥር የማደርገው ኮምፔርሳቶ አስቆረጥኩ። አናጢው ክቡ በሚያርፍበት ቦታ ላይ በስሱ ፈለፈለው፤ አለበለዚያ ምንጣፉ እዚያ ጋ ያብጣል፣ ዱላውም እብጠቱን ይነካል። አሁን የቲው እግር ደልዳላ እንጨት ላይ ተኝቷል፣ ከላይ ሰፊው ጎማ በምንጣፉ ጀርባ ተይዟል። ምንጣፉ ራሱ ወደፊት እየተንሸራተተ ስላስቸገረኝ የኋላዎቹን ሁለት ማዕዘኖች ባለ ባርኔጣውን የቆርቆሮ ሚስማር መታሁባቸው። የፊቶቹን አልመታሁም። ቲ መቀየር ሲያስፈልግ ከፊት ገልጬ ማስገባት አለብኝ።

ውጤቱ? ቲው አልበረረም። ድራይቨሩን ባለኝ ጉልበት እየመታሁት ነው፤ ጎንበስ ብሎ ይነሳል። እናቴም ፈትሏን ይዛ ወደ ቀድሞ ቦታዋ ተመልሳለች።

እንከን የለውም አልልም። ቱቦው እየቆየ ወደ ዒላማው ማዘንበል ጀምሯል። ሁልጊዜ በአንድ ፊት ስለሚመታ ነው። በፊት በእጄ ዞር አድርጌ አቃናው ነበር፤ አሁን ሰፊው እግር ስለያዘው ምንጣፉን ገልጬ ነው የማዞረው። ሌላው፣ ቁመት በፈለጉ ቁጥር መቀየር አይመችም። ለእያንዳንዱ ቁመት የየራሱ ሰፊ እግር ማሠራት ይሻላል። እኔ ለረጅሙና ለአጭሩ አሠርቻለሁ፣ መካከለኛውን የእናቴ ሙክት ወስዶ አላምጦታል። ሙክቱ አስቀድሞ የምንጣፉን ሣር ነበር የቀመሰው። ወዲያው ተፋው።

እንግዲህ ለምንጣፉ ነጥብ ስጪ ብትሉኝ ከአሥር አምስት፤ ሣሩ ደህና ነው፣ ቀዳዳው ግን ግድ የለሽ ሥራ ነው። አብረውት ለመጡት የጎማ ቲዎች ስድስት፤ ጎማቸው እውነተኛ በመሆኑ እንጂ በእግራቸውስ ሦስትም አይገባቸውም። ለብሩሹ አራት፣ ለባለ ክሩ አምስት። ለጎሚስታው ዘጠኝ። አንዷን ነጥብ የቀነስኩት «ይሄን ነገር አባዝቼ ልሽጠው እንዴ?» ብሎኝ እስካሁን ስላልጀመረ ነው።

አይረን በሚባሉት አጫጭር ዱላዎች ብቻ የምትለማመዱ ከሆነ ይሄ ሁሉ ጣጣ አይመለከታችሁም። ኳሷን በቀጥታ ሣሩ ላይ አስቀምጡና ምቱ። ከቀዳዳው ግን ራቅ በሉ፤ ጠርዙ በዱላ እየተላጠ ይሰፋል፣ አንድ ቀን ድራይቨር ስትገዙ ደግሞ ያስፈልጋችኋል።