የ2,400 ብሯ ፀሐይ

ባለፈው ወር ለስብሰባ ባሕር ዳር ወርጄ ነበር። ስመለስ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ፕላኔቶች ፀሐይን ሲዞሩ የሚያሳይ ሞዴል ገዛሁ። 2,800 ብር ብሎኝ በክርክር ወደ 2,400 አወረድኩት። ቡሬ ሰባተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። የከፈልኩት ከኪሴ ነው። ባለቤቴ ዋጋውን እስካሁን አታውቅም።

መሀል ላይ ቢጫ ፀሐይ አለች፤ ውስጧ ትንሽ አምፖል አለ። ከሥሯ ስምንት የሽቦ ክንዶች ወጥተው ጫፋቸው ላይ ፕላኔቶቹ ተሰክተዋል። ሞዴሉ ላይ ጨረቃ ያላት ምድር ብቻ ናት። በሦስት ባትሪ ድንጋይ ይሠራል፤ ድንጋዩን ራሳችሁ ትገዛላችሁ። የሳተርን ቀለበት ገና ዳንግላ ሳንደርስ ወልቆ ከመቀመጫ ሥር ፈልጌ አገኘሁት።

ትልቁ ጉድለት ስምንቱም ክንዶች አንድ ላይ መዞራቸው ነው። ክፍል ውስጥ እንዳስነሳሁት ከኋላ አንዱ ልጅ «ቲቸር፣ ይኼማ በሬ ሲያበራይ ነው የሚመስለው!» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈነዳ። እውነቱን ነው። አውድማ ላይ በሬዎች ጎን ለጎን ታስረው ሲዞሩ ውስጠኛው ያዘግማል፤ የሚሮጠው ዳር ያለው ነው። ዙሩን ግን እኩል ይጨርሳሉ። ሰማይ ላይ ነገሩ ተገላቢጦሽ ነው። ሯጯ ለፀሐይ የቀረበችው ሜርኩሪ ናት። በሴኮንድ 47 ኪሎ ሜትር ገደማ እየበረረች በ88 ቀን ትዞራለች። ምድር በሴኮንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ትሄዳለች። ኔፕቱን 5 ተኩል እንኳ አትሞላም፤ አንድ ዙር 165 ዓመት ይፈጅባታል። ፕላኔት በራቀች ቁጥር የፀሐይ ስበት ይላላል፣ መንገዱም ይረዝማል። እዚህ ሞዴል ላይ ግን ሜርኩሪም ኔፕቱንም ባንድ ቀንበር ተጠምደዋል።

ርቀቱንስ ተዉት። ምድርን ከፀሐይ አንድ ስንዝር ብናርቃት ለኔፕቱን 30 ስንዝር ያስፈልጋታል። ጠረጴዛዬ አይበቃም፤ በዚህ ማንንም አልወቅስም።

ገንዘቤን ያስመለሰችልኝ ጨረቃ ናት። አንድ ደመናማ ቀን መብራት ጠፋ። መስኮቶቹን በነጠላና በጃኬት ሸፍነን የሞዴሏን አምፖል አበራን። ልጆቹ ተራ በተራ ዓይናቸውን ምድር አጠገብ አድርገው ጨረቃን ተመለከቱ። በፀሐይ በኩል ስትሆን የምታሳየን ጨለማ ጎኗን ነው። ወደ ጎን ስትዞር ግማሽ ሆነች። እሰየው ስል አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ሙሉ መሆን ሲገባት ለምን ጠፋች?» አለችኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። የምድር ጥላ ውጧታል።

የሠራው ሰው የጨረቃን መንገድ ከምድር መንገድ ጋር እኩል ጠፍጣፋ አድርጎታል። እንዲህ ቢሆን በየወሩ ግርዶሽ እናይ ነበር። የእውነቷ ጨረቃ መንገድ 5 ዲግሪ ያህል ያዘነበለ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጥላው በላይ ወይም በታች ታልፋለች። ፒንሳ አስመጥቼ የጨረቃ ሽቦ የሚዞርበትን ዘንግ ትንሽ አዘነበልኩት። ሙሉ ጨረቃ ወጣች። ከዚያ ሰኔ 14 ቀን 2012 እሑድ ጠዋት፣ ላሊበላ ላይ ፀሐይ ቀለበት ስለሆነችበት ግርዶሽ ጀመርን። ደወሉ ተደውሎም የተነሣ አልነበረም።

ለመግዛት ካሰባችሁ ሻጩ ድንጋይ አስገብቶ ያሳያችሁ። ክንዶቹ እንደ በሬ አብረው ከዞሩ ከ1,500 በላይ እንዳትከፍሉ። ፒንሳም አትርሱ።