1.44 በመቶ ለምን? የተማሪ ሠራተኞች ዩኒየን መዋጮ ሲገመገም

አሜሪካ ለፒኤችዲ ገብቶ ቲኤ (የማስተማር ረዳት) ወይም አርኤ (የምርምር ረዳት) ሆኖ የተቀጠረ ተማሪ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከሚደርሱት ቅጾች አንዱ የዩኒየን፣ ማለትም የሠራተኛ ማኅበር፣ አባልነት ካርድ ነው። ብዙው ሰው ወይ ሳያነብ ይፈርማል፣ ወይ ሳያነብ ይተወዋል። ከአገር ቤት ለመጣ ሰው ነገሩ እንግዳ ቢሆን አይገርምም፤ በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ረዳት ምሩቅ ሆኖ ያስተማረ ሰው የመንግሥት ሠራተኛ ስለሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ 1156/2011 አይመለከተውም፤ ስለዚህ ከደሞዙ የማኅበር መዋጮ አስቆርጦ ስለ ደሞዙ የተደራደረበት አጋጣሚ የለም። እዚህ ግን በየወሩ የሚከፈልበት አገልግሎት ነው፤ እንደ ስልክና እንደ ኢንሹራንስ ሁሉ ዋጋው ከሚሰጠው ጋር መመዘን አለበት።

የምንገመግመው የዩናይትድ አውቶ ወርከርስን፣ በአጭሩ የዩኤደብሊውን መዋጮ ነው፤ ከደሞዝ 1.44 በመቶ። ስሙ የመኪና ፋብሪካ ሠራተኞች ቢሆንም የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥርዓት፣ የኮሎምቢያ፣ የሃርቫርድ፣ የኤንዋይዩና የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሠራተኞች የተደራጁት በዚህ ማኅበር ሥር ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ እንናገር፦ ዋጋው ተገቢ ነው፣ የሚገዛው ነገር ጠንካራ ነው፣ የወረቀት ሥራው ግን ደካማ ነው። አብዛኛው ቅሬታ የሚመጣውም ከወረቀቱ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹ ከአዋጁ በስተቀር በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከዋጋው እንጀምር። 1.44 በመቶ ከሰማይ የወረደ ቁጥር አይደለም። የማኅበሩ ደንብ መዋጮውን የሚተምነው በሰዓት ነው፤ አባል በወር የሁለት ሰዓት ተኩል ደሞዙን ይከፍላል። በሳምንት 40 ሰዓት፣ በዓመት 52 ሳምንት የሚሠራ ሰው በወር በአማካይ 173.33 ሰዓት ይሠራል፤ 2.5 ለ173.33 ሲካፈል 1.44 በመቶ ይሆናል። የተማሪ ሠራተኛ ደሞዝ በሰዓት ስለማይቆጠር በቀጥታ መቶኛው ይታሰብበታል። እስከ 2014 ድረስ ሁለት ሰዓት፣ ማለትም 1.15 በመቶ ነበር። በዚያ ዓመት ጉባኤው ግማሽ ሰዓት ጨመረበት፤ ጭማሪው የታሰበው ለአድማ ፈንዱ ነው። ይህን ማወቅ ይጠቅማል፤ ምክንያቱም ከምትከፍሉት ውስጥ የተወሰነው በዩኒቨርሲቲያችሁ ላለው የማኅበሩ ቅርንጫፍ፣ የተወሰነው ለዋናው መሥሪያ ቤት፣ የተወሰነው ደግሞ ለአድማ ጊዜ ይቀመጣል። ቅርንጫፎች በራሳቸው መተዳደሪያ ከመነሻው በላይ ሊወስኑ ስለሚችሉ የናንተን ማረጋገጥ አትርሱ። በግል ዩኒቨርሲቲ ያለ ቅርንጫፍ መዋጮ ለመጨመር ከፈለገም በፌዴራል ሕግ መሠረት አስቀድሞ አሳውቆ በአባላት ምስጢራዊ ድምፅ ማስወሰን አለበት፤ ቢሮ ውስጥ በተቀመጡ ሰዎች ፊርማ ብቻ አይጨመርም።

ስሌቱ የሚሠራው ግብርና ኢንሹራንስ ከመቀነሱ በፊት ባለው ደሞዝ ላይ ነው። በወር 3,400 ዶላር የሚያገኝ ቲኤ 48.96 ዶላር ይቆረጥበታል፤ ቅጥሩ የዘጠኝ ወር ከሆነ በዓመት 440.64 ይደርሳል። ዩኒቨርሲቲው የሚሸፍንላችሁ የትምህርት ክፍያ ደሞዝ ስላልሆነ ስሌቱ ውስጥ አይገባም። በዓመቱ መጨረሻ ረጅም እረፍት ሥራ ከሌለ አይቆረጥም። በፌሎውሺፕ (ያለ ሥራ ግዴታ በሚሰጥ ድጎማ) ላይ ያለ ተማሪ በብዙ ቦታ እንደ ተቀጣሪ ስለማይቆጠር በዚያ ሴሚስተር መዋጮው ይቆማል፤ ግን ደስ አይበላችሁ፣ በዚያ ወቅት ማኅበሩ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የተፈራረመው የኅብረት ስምምነት የሚሰጠው ጥበቃም አብሮ ሊቆም ይችላል። አዲስ አባል አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፍለው የመግቢያ ክፍያም አለ፤ የማኅበሩ ደንብ ከ10 እስከ 50 ዶላር ይፈቅዳል።

መዋጮ ከፌዴራል ግብር ላይ እንደ ወጪ አይቀነስም፤ ከ2018 ጀምሮ ይህ ቀርቷል። ስለዚህ 48.96 ብላችሁ ያሰባችሁት በእጃችሁ ከሚገባው ላይ ሙሉ 48.96 ነው።

አሁን ወደ ካርዱ። ሁለት ዓይነት ካርድ እንዳለ ብዙ ሰው አያውቅም። የመጀመሪያው ዩኒየን ለማቋቋም በሚደረገው ቅስቀሳ የሚፈረመው ነው፤ ቢያንስ 30 በመቶው ሠራተኛ ከፈረመ በግል ዩኒቨርሲቲ ምርጫ እንዲደረግ መጠየቅ ይቻላል። ያንን የፈረመ ሰው አባል አልሆነም፣ ሳንቲምም አይቆረጥበትም። በዩኤደብሊው አሠራር የመጀመሪያው የኅብረት ስምምነት በድምፅ እስኪጸድቅ ድረስ ማንም መዋጮ አይከፍልም። ሁለተኛው የአባልነት ካርድ ነው፤ በውስጡ አባል የሚያደርግ ፊርማ አለ፣ ዩኒቨርሲቲው ከደሞዝ ቆርጦ ለማኅበሩ እንዲያስተላልፍ የሚፈቅድ ፊርማ አለ። አንዳንድ ካርድ ላይ ደግሞ ሦስተኛ ሣጥን ታገኛላችሁ፦ ለፖለቲካ ፈንድ በፈቃደኝነት በየወሩ ጥቂት ዶላር መስጠት።

እዚህ ጋ ቆም በሉ። በኤፍ-ዋን (የተማሪ) ወይም በጄ-ዋን (የልውውጥ) ቪዛ ያለ ሰው ይህን ሣጥን ባዶ መተው አለበት። የአሜሪካ ዜጋ ያልሆነና ግሪን ካርድ የሌለው ሰው ለምርጫ ገንዘብ ማዋጣት በፌዴራል ሕግ የተከለከለ ነው፤ አምስት ዶላርም ብትሆን። ካርዱን ይዞ በየላቦራቶሪው የሚዞረው ፈቃደኛ ተማሪ ይህን ላያውቅ ይችላል፤ ኃላፊነቱ ግን የፈራሚው ነው። ከዚህ ውጪ ዩኒየን መግባት፣ መዋጮ መክፈልና ድምፅ መስጠት ለቪዛ ባለቤት የተከለከለ ነገር አይደለም።

ከፈረማችሁ በኋላ ፔይ ስታባችሁን (የደሞዝ መግለጫችሁን) ክፈቱ። መዋጮው የሚታየው ከግብር በኋላ በሚቀነሱት ዝርዝር ውስጥ ነው። ባለ 1.44 ቅርንጫፍ ውስጥ ከሆናችሁ ጠቅላላ ደሞዛችሁን በ0.0144 አባዙትና አስተያዩ። የማይገጥም ከሆነ ምክንያቱ ብዙ ጊዜ ከሦስቱ አንዱ ነው። አንደኛው፣ በሁለት ክፍል ተቀጥራችሁ ከአንዱ ብቻ ሲቆረጥ ነው። ሁለተኛው፣ ወደ ኋላ ተመልሶ የተከፈለ ጭማሪ ሲመጣ ነው፤ የዚያ ወር ደሞዝ ስለሚያብጥ መዋጮውም አብሮ ያብጣል፣ ይሄ ስሕተት አይደለም። ሦስተኛውና አስቸጋሪው የቅጥር ዓይነት መቀየር ነው። በአንዱ ሴሚስተር ቲኤ፣ በሚቀጥለው አርኤ፣ ቀጥሎ ፌሎውሺፕ፣ ከዚያ እንደገና ቲኤ የሆነ ተማሪ የደሞዝ መዝገቡ ላይ እንደ አዲስ ሰው ይገባል፤ የቆረጣው ፈቃድ አብሮት ላይመለስ ይችላል። ተማሪው አባል ነኝ ብሎ ተቀምጦ በድምፅ መስጫው ቀን ስሙ ዝርዝር ውስጥ ሲጠፋ ነው የሚያውቀው። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ቅጥር በተቀየረ ቁጥር የመጀመሪያውን ፔይ ስታብ አይቶ መስመሩ ከጠፋ ለቅርንጫፉ መጻፍ። ማኅበሩ ራሱ ይህን በየሴሚስተሩ ማጣራት ሲገባው ለአባሉ መተዉ ነው ነጥብ የሚያስቀንስበት።

ቆረጣው ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል የሚል ካለ ዊስኮንሲን-ማዲሰንን ይመልከት። የዚያ ማስተማር ረዳቶች ማኅበር በ1970 የመጀመሪያውን ስምምነት የፈረመ፣ በአገሪቱ ቀዳሚው ነው። በ2011 የወጣው የግዛቱ ሕግ መዋጮን ከደሞዝ ቆርጦ ማስተላለፍን ከለከለ፤ የመደራደር መብቱንም ባዶ አደረገው። ከዚያ ወዲህ አባላት በየግላቸው ነው የሚከፍሉት።

መክፈል ግዴታ ነው? መልሱ በአሠሪው ይወሰናል። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ፣ ለምሳሌ በካሊፎርኒያ ወይም በዋሽንግተን፣ ግዴታ የለም። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የጃነስ ውሳኔ ከሰኔ 2018 ጀምሮ አባል ካልሆነ የመንግሥት ሠራተኛ ያለ ግልጽ ፈቃዱ ምንም እንዳይቆረጥ አድርጓል። የማይከፍለውም ሰው ግን ያው ጭማሪ፣ ያው የጤና መድን ይደርሰዋል፤ ማኅበሩም በቅሬታ ጊዜ ያለ አድልዎ ሊወክለው በሕግ ይገደዳል። እድር ያልከፈለ ሰው ቤት ድንኳን እንደመትከል ነው። የማያገኘው ድምፅ ነው፦ ስምምነት ሲጸድቅ፣ መሪ ሲመረጥ አይቆጠርም።

በግል ዩኒቨርሲቲ ነገሩ ይለያል። ስምምነቱ ውስጥ የክፍያ ግዴታ አንቀጽ ካለና ግዛቱ ይህን ካልከለከለ፣ አባል መሆን ባትፈልጉም የውክልና ክፍያ ትከፍላላችሁ። በ1988ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ የቤክ ውሳኔ መሠረት ለድርድርና ለቅሬታ ሥራ ከሚውለው ውጪ ያለውን፣ ለምሳሌ ፖለቲካውን፣ አልከፍልም ብሎ በጽሑፍ መቃወም ይቻላል። ይህን የሚያደርግ ሰው መጀመሪያ አባልነቱን መተው አለበት፤ ሁለቱንም ይዞ መቆየት አይቻልም። አንቀጹ በስምምነታችሁ ውስጥ ስለመኖሩ ከጓደኛ ወሬ ይልቅ ሰነዱን ማንበብ ይሻላል፤ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያልና።

በሃይማኖት ምክንያት ዩኒየን መግባትም መርዳትም ለማይችል ሰው ሌላ በር አለ። ከእንዲህ ዓይነት ማኅበር የመራቅ የቆየ ትምህርት ያለው ሃይማኖት አባል ከሆነ፣ ተመጣጣኙን ገንዘብ ለማኅበሩ ሳይሆን ሃይማኖታዊ ላልሆነ በጎ አድራጎት እንዲከፍል ሊጠየቅ ይችላል፤ በስምምነቱ ከተዘረዘሩት ቢያንስ ሦስት ድርጅቶች አንዱን ይመርጣል፣ ዝርዝር ከሌለ የፈለገውን። ይህ ድንጋጌ በተለይ ከሰባተኛ ቀን አድቬንቲስቶች ጋር ተያይዞ የሚነሳ ነው፤ በማኅበረሰባችን ውስጥ ያሉ አድቬንቲስቶች ሊያውቁት ይገባል። ገንዘቡ ግን ኪሳችሁ ውስጥ አይቀርም።

የሚገዛው ነገርስ? በ2022 መገባደጃ በካሊፎርኒያ ወደ 48,000 የሚጠጉ የአካዳሚክ ሠራተኞች ሥራ አቆሙ። በውጤቱ ለዘጠኝ ወር ቅጥር ወደ 24,000 ዶላር ገደማ የነበረው የቲኤ ዝቅተኛ ክፍያ እስከ ጥቅምት 2024 ወደ 34,000 ገደማ እንዲደርስ ተስማሙ፤ በርክሌይ፣ ሎስ አንጀለስና ሳን ፍራንሲስኮ ደግሞ 36,500። የ34,000 1.44 በመቶ 489.60 ነው። ጭማሪው 10,000 ገደማ፣ ዋጋው ከ500 በታች። በዚህ ስሌት ላይ ብዙ መከራከር ያስቸግራል፤ አዲስ ስምምነት በማይፈረምባቸው ዓመታት ግን መዋጮው ሳይቋረጥ ጭማሪው አነስተኛ እንደሚሆን መዘንጋት የለበትም።

ሌላው የሚገዛው አድማ ውስጥ የመቆየት አቅም ነው። ኮሎምቢያ ከኅዳር 2021 እስከ ጥር 2022 አሥር ሳምንት ገደማ ሥራ ሲያቆም የማኅበሩ የአድማ ክፍያ በሳምንት 275 ዶላር ነበር። በ2022 ወደ 400፣ በ2023 ወደ 500 ከፍ ብሏል። ክፍያው ዝም ብሎ አይመጣም፤ በፒኬት (በሥራ ቦታው በር ላይ በሚደረግ የአድማ) ሰልፍ ወይም በሌላ የተመደበ ሥራ መገኘትና መፈረም ይጠይቃል። ግብርም ይከፈልበታል። የኒው ዮርክን የቤት ኪራይ አይሸፍንም፤ ምግብና ትራንስፖርት ግን ይችላል።

ገንዘቡ የት ይሄዳል ለሚል ሰው የአሜሪካ የሠራተኛ ጉዳይ መሥሪያ ቤት ድረ ገጽ ላይ ማንም በነፃ የሚያየው መረጃ አለ። ዓመታዊ ገቢው 250,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሆነ ማኅበር ኤልኤም-2 የሚባለውን ቅጽ ይሞላል፤ ከዚያ በታች ያለው ኤልኤም-3። የመንግሥት ሠራተኞችን ብቻ የያዘ ቅርንጫፍ ግን ላይሞላ ይችላል። የማኅበሩን ስምና የቅርንጫፉን ቁጥር አስገብታችሁ ሠንጠረዥ 11 ላይ የመሪዎችን ክፍያ፣ 12 ላይ የተቀጣሪዎችን፣ 15 ላይ ለድርድርና ውክልና የወጣውን፣ 16 ላይ ለፖለቲካና ለሎቢ የወጣውን ተመልከቱ። 15ኛው ከ18ኛው፣ ማለትም ከጠቅላላ የሥራ ማስኬጃ ወጪው፣ አንሶ ካገኛችሁት በአባላት ስብሰባ ላይ የሚጠየቅ ጥያቄ አገኛችሁ ማለት ነው።

እንዲህ መመርመር ጥርጣሬ ማብዛት አይደለም። የዩኤደብሊው የቀድሞ ፕሬዚዳንቶች ዴኒስ ዊሊያምስና ጋሪ ጆንስ የአባላትን ገንዘብ ለቪላ፣ ለጎልፍና ለሲጋራ በማዋል ወንጀል በ2020 ጥፋታቸውን አምነው በ2021 ተፈርዶባቸዋል። ከዚያ በኋላ ማኅበሩ በፍርድ ቤት በተሾመ ገለልተኛ ተቆጣጣሪ ሥር ገባ፤ አባላትም መሪዎቻቸውን በቀጥታ የመምረጥ መብት አገኙ። ለተማሪ ሠራተኛ ይህ ትልቅ ለውጥ ነው፤ ከዲትሮይት ፋብሪካ ሠራተኛ እኩል አንድ ድምፅ አለው።

መውጣት የሚፈልግ ሰው ሁለት ደብዳቤ ያስፈልገዋል፤ አንዱ አባልነቱን የሚተውበት ለማኅበሩ፣ ሌላው የቆረጣ ፈቃዱን የሚሽርበት። የመጀመሪያው በማንኛውም ጊዜ ይሠራል። ሁለተኛው ግን በካርዱ ላይ በተጻፈው የጊዜ መስኮት ሊታሰር ይችላል፤ በግሉ ዘርፍ ሕጉ ከአንድ ዓመት ወይም ከስምምነቱ ማብቂያ፣ ከሁለቱ ከሚቀድመው፣ በላይ እንዲያስር አይፈቅድም። ሰው አንዱን ልኮ ሌላውን ስለሚረሳ ነው ለወራት ተቆረጠብኝ የሚለው። የካርዱን ፎቶ የፈረማችሁ ዕለት ስልካችሁ ላይ ብታስቀምጡ ቀኑን መፈለግ አይኖርባችሁም።

የሚመረቅ ተማሪ ደግሞ ሌላ ወረቀት ይጠይቅ፦ የክብር መውጫና ማዛወሪያ ካርድ። በሌላ የዩኤደብሊው ዩኒቨርሲቲ ፖስትዶክ (ከዶክትሬት በኋላ ተመራማሪ) ሆኖ ሲቀጠር የመግቢያ ክፍያውን እንደገና እንዳይከፍል ይረዳዋል። ቅርንጫፉ ራሱ አስታውሶ ላይልክላችሁ ስለሚችል ከመጨረሻው ደሞዝ በፊት ጠይቁ።